ነካሽ ማለት ተጫወትሽ

በእኛ ጊዜ እኮ ልጅ ማባዛት የሚማረው መሬት ላይ ተንበርክኮ ነበር። ለቅጣት አላልሁም፣ ለገበጣ ነው! አባቶቻችን ደንገል አስረው ታንኳ ሲሠሩ እኛ ጣና ዳር አፈሩን እንቆፍራለን፤ ስድስት ጉድጓድ በዚህ፣ ስድስት ጉድጓድ በዚያ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር። የአንዱ ወገን ስንት ሆነ? ሃያ አራት! ማን አስተማረን? ማንም። መሸነፍ ነው ያስተማረን። ታዲያ ይህንኑ ገበጣ ይዤ ነው የልጅ ልጄን ሰሚራን ኮራጅ ያሰኘኋት። ቆይ አትሳቁ፣ ልንገራችሁ።

ሰሚራን ታውቋታላችሁ፣ የልጄ የፋጡማ ልጅ ናት፣ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገባች። አምና ማባዛት አልገባ ብሏት ነበር። እና እናቷ ምን አደረገች? ከቢሮ ስትመለስ ስልኳን ሰጠቻት፤ «አባባ፣ ሒሳብ የሚያስተምር ጨዋታ ነው» አለችኝ። እሺ ብዬ ከልጅቱ አጠገብ ተቀመጥሁ። ስልኩ «ስድስት በሰባት?» ብሎ አራት መልስ ይደረድራል። ሰሚራ አንዱን ትነካለች፣ ጢጥ! ይላል። ሌላውን ትነካለች፣ ጢጥ! ሦስተኛውን ስትነካ አንዲት ወፍ ብድግ ብላ ትጨፍራለች። «አባባ፣ አለፍሁ!» ትለኛለች። «ስንት ሆነ ታዲያ?» አልኋት። «እኔ ምን አውቄ፣ ወፏ ጨፈረች እኮ!» ሰማችሁ? ወፏ ጨፈረች! ወላሂ ደሜ ፈላ።

በማግስቱ ግቢ ውስጥ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ቆፈርሁ፣ ጠጠር ከባሕሩ ዳር ለቅሜ መጣሁ፣ ሕጉንም ነገርኋት። «ሰሚራ፣ በዓይንሽ ቁጠሪ። ነካሽ ማለት ተጫወትሽ ማለት ነው፣ መመለስ የለም። እየነካ የሚቆጥር ሞኝ ነው» አልኋት። ትረሳለች፣ እጇ ይሄዳል፣ «እጅ ወደ ኋላ!» እላለሁ። ደግማ ትረሳለች፣ «እጅ ወደ ኋላ!» ክረምቱን ሙሉ ጎረቤት እስኪሰለቸው እጅ ወደ ኋላ ስል ከረምሁ። እና ገባት! እጇን ከጀርባዋ አቆላልፋ ታያለች፣ ከንፈሯ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ «አባባ፣ ሰባት ጉድጓድ አራት አራት ቢኖረው ሃያ ስምንት» ትላለች። መስከረም ሳይጠባ አሸነፈችኝ። እኔን! ተናድጃለሁ፣ አልዋሻችሁም፤ ደስም ብሎኛል።

ታዲያ ትምህርት ተከፈተና ወር ሳይሞላ ልጅቱ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ፣ አልሄድም» ማለት አመጣች። ከዚያ ወላጅ ይምጣ የሚል ወረቀት መጣ። ፋጡማ ሥራ ላይ ናት፣ እኔ ሄድሁ።

መምህሯ ወጣት ናት፣ ጨዋ ናት። «አባቴ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። ወንበሩ የልጅ ነው፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። «ሰሚራ መልሱን ብቻ ነው የምትጽፈው። አሠራሩን አሳዪኝ ስላት ዝም ትላለች። ከአጠገቧ ልጅ የምትኮርጅ ይመስለኛል። በዚሁ ከቀጠለች ወደ ሁለተኛ ክፍል ልትመለስ ነው» አለችኝ።

«ምን አልሽ? እኛ ቤት የሰው ነገር የሚሰርቅ የለም!» ብዬ ብድግ አልሁ፤ ወንበሩም አብሮኝ ብድግ አለ!

«እሺ፣ እዚሁ እንያት» አለችና አስጠራቻት። ጠረጴዛው ላይ የለስላሳ ቆርኪ ዘረገፈች። «ሰሚራ፣ ስድስት ቦታ አራት አራት አድርገሽ ደርድሪና ቁጠሪልኝ።» ልጅቱ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እጅ ወደ ኋላ! ቀጥ ብላ ቆመች። «ሃያ አራት» አለች በቀስታ። «መልሱን አላልሁሽም፣ ቆርኪውን እያነሣሽ አሳዪኝ።» እጇን ከጀርባዋ ይበልጥ አቆላለፈች። «ለምን አትነኪውም?» እንባዋ ግጥም አለ። ኋላ በስንት ልመና፣ «ከነካሁ ተጫወትሁ ማለት ነው። እየነካ የሚቆጥር ሞኝ ነው» አለች።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

እያለቀሰች እንኳ አሳልፋ አልሰጠችኝም! ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። «እኔ ነኝ» አልሁ።

«ንኪ ልጄ፣ እዚህ ገበጣ አይደለም» አልኋት። እምቢ! «መጀመሪያ እርስዎ ይንኩ» አለችኝ። እና ምን ላድርግ? ይህን ሽበት ይዤ፣ በዚያች ወንበር ላይ ተኮራምቼ፣ ቆርኪ ደረደርሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሁ በጣቴ ቆጠርሁ። ስልሳ ዓመት ሙሉ በጣት ቆጥሬ አላውቅም። «ሃያ ሦስት» አልሁ።

«አባባ!» አለች፣ ሳቋ አመለጣት፤ «ይችን ዘለሏት እኮ!» ብላ እጇን ሰደደችና ቆርኪዋን ነካቻት። ከዚያማ ማን ያስቁማት! ሰባት በስድስቱን፣ ስምንት በአራቱን እየደረደረች ለመምህሯ አሳየቻት። መምህሯም ጎንበስ ብላ «ኮርጀሻል ያልሁሽን ይቅር በይኝ» አለቻት። እኔም ይቅርታ ነበረብኝ፣ የእኔው እንዲያውም የባሰ ነበር፤ ሳልጠይቃት እጇን ይዤ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ «ለምን አባባ ነው ብለሽ አልነገርሻትም?» አልኋት። «ሞኝ እንዳትልዎ ብዬ» አለችኝ።

እንግዲህ ተመልከቱ፣ ፋጡማንና ስልኳን ስረግም ከርሜ ልጅቱን ያስለቀሳት የእኔው ጨዋታ ነው። ለልጅ ጨዋታ ስታስተምሩ እንዴት እንደሚጀመር ብቻ አትንገሩ፣ የት ላይ እንደሚያበቃም ንገሩ። እኔ ሽማግሌው ይህን ሳልነግራት ቀረሁ፣ እሷ ግን ለእኔ ስም ብላ አንድ ክፍል ልትወርድልኝ ነበር!

«ታዲያ አባባ» አለ ከአድማጮቹ አንዱ፣ «መምህሯ ሞኝ ብትልዎ ትሳሳት ነበር?»

«ዝም በል አንተ!» (ሳቅ) «አትሳሳትም ነበር።»