የደጃፉ ስንደዶ

ሃያ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የተጠረገ ግቢ፣ አፈሩ ወዴት ሄደ?

ባለዲግሪው ይህን ጥያቄ ለራሱ ያቀረበው የአክስቱን ቤት ማዕዘን ባየበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ግን ከአክስቱ ጋር እንዴት እንደተገናኙ መናገር ያስፈልጋል። መገናኘታቸው እሱን የሚያኮራ አልነበረም።

ከሩቅ አገር ስለ ዕፅዋት ተምሮ ከተመለሰ ሁለት ወሩ ነው። «ባለዲግሪው» የሚለውን ስም ያወጡለት የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ግማሹ ለማክበር፣ ግማሹ ለመሳቅ ይጠራበታል። በሁለቱ ወር ውስጥ ሁለት መሥሪያ ቤት ገብቶ ከሁለቱም ወጥቷል። አንደኛው ጋ ወንበር እንጂ ሥራ አልነበረም፤ ሌላኛው ጋ ሥራው ሞልቶ የሚሰማው ጠፋ። ማታ ማታ ሻንጣውን እያየ «በመመለሴ ጥሩ አደረግሁ ወይስ ተቻኮልኩ?» ይላል። ዘመድ ሲያየው «ምን ያዝክ?» ብሎ እንዳይጠይቀው ፈርቶ ዘመድ መጠየቁን ዛሬ ነገ ሲል ቆየ። አንድ ጠዋት ታዲያ ከዕቃ መሸጫ ሱቅ በራፍ ላይ ሁለት አዳዲስ መጥረጊያ በብብታቸው ከያዙ ሴት ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ።

«ይቅርታ እናቴ» ብሎ ሊያልፍ ሲል፣

«ይቅርታው ለየትኛው ነው?» አሉት ሴትየዋ። «ለግፊያው ነው ወይስ ለሁለቱ ወር?»

የእናቱ ታላቅ እህት፣ ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«እትዬ! ልመጣ እኮ ነበር።»

«አውቃለሁ። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ሁልጊዜ ልትመጣ ነው። በል ና፣ መጥረጊያውን ያዝልኝ፤ ዲግሪህ ካልከበደህ።»

አክስቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። የሚሠሩባት ክፍል መስኮቷ ወደ ግቢው ይከፈታል፤ የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ቀሚሶች ሁሉ አቧራ እንዳይነካቸው አሮጌ አንሶላ ተከናንበዋል። ግቢው ተዳፋት ነው፤ ከቤቱ ደጃፍ አንሥቶ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ላዩ እንደ ሰሃን የጠራ፣ የመጥረጊያው መስመር እንደ ማበጠሪያ የተሰመረበት። አንዲት ቅጠል አትታይበትም። ባለዲግሪው የቤቱን የታችኛውን ማዕዘን ሲያይ ግን ቆመ። የመሠረቱ ድንጋይ ራቁቱን ወጥቷል፤ ከአንደኛው ድንጋይ ሥር ባዶ ነው።

«ይሄ መቼ ሆነ?»

«ካቻምና ጣት ያስገባ ነበር። አሁን እጅ ያስገባል» አሉ አክስቱ፣ የሌላ ሰው ቤት እንደሚያስጎበኙ ሁሉ። «ትልቁ ልጄ መጥቶ አየና ‹እማዬ፣ ይሄ ማዕዘን ሌላ ክረምት አይችልም፤ ዝናቡ ሳይገባ መኪና ልኬ ዕቃሽን አስጭናለሁ፣ እኔ ጋ ትኖሪያለሽ› ብሎኝ ሄደ።»

«እና ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ጥሩ ቤት። እሱም ጥሩ ልጅ። የስፌት መኪናዬን የት ላስቀምጥ ነው ስለው ‹ከእንግዲህ ምን ትሰፊያለሽ፣ ዕረፊ እንጂ› አለኝ።» እጃቸውን በመኪናዋ ላይ አሳረፉ። «ሳይደክመኝ ዕረፊ ይለኛል።»

ክረምቱ ሊገባ ሁለት ወር ተኩል ቀርቶታል። ባለዲግሪው አፈሩ ወዴት እንደሄደ እያሰበ ወጣ። መንገዱ ጋ ሲደርስ ጥያቄው መልሱን ይዞ ጠበቀው፤ የውሃ መውረጃው ቦይ እስከ አፉ ድረስ በደቃቅ ቀይ አፈር ተሞልቷል። ቀለሙ የአክስቱ ግቢ ቀለም ነው። ጠዋት በመጥረጊያ የሚላቀቀውን አፈር ነፋስ ይወስደዋል፣ የተረፈውን ዝናብ ያወርደዋል። እሳቸው በትጋታቸው ብዛት ግቢያቸውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያወጡ ሲጥሉ ኖረዋል። ትጉህ ሰው ሲሳሳት ደግሞ ስህተቱም ትጉህ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አያርፍም።

ከቦዩ በላይ ባለው አፋፍ ላይ ግን አፈሩ ንቅንቅ አላለም። እዚያ ማንም ያልተከለው የስንደዶ ሣር እግር በእግር ተደግፎ ቆሟል፤ አበባው እንደ ቀበሮ ጭራ ለስላሳ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ጎንበስ ቀና ይላል።

በማግስቱ አንድ እግር ስንደዶ ከነሥሩ ነቅሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ።

«እትዬ፣ በግቢው ጫፍና በማዕዘኑ ዙሪያ ይሄን እንትከል።»

አክስቱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «ስንደዶ? መንገድ ዳር የሚበቅለውን?»

«አዎን።»

«ባሕር ተሻግረህ የተማርከው ይሄን ነው? ፍየል እኮ ሳትማር ታውቀዋለች።»

«ፍየል መብላቱን ነው የምታውቀው እትዬ። መትከሉን አታውቅም።»

ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ፤ ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱና፣ «ስማኝ የኔ ጌታ» አሉት። «ደጁ ላይ ሣር የበቀለበት ቤት ምን ይባላል? ሰው የለበትም ይባላል። ባለቤቴ፣ አጎትህ፣ የሞተ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ‹ተሸነፈች ወይስ አልተሸነፈችም› እያለ በአጥር ያየኝ ነበር። ከቀብር በሦስተኛው ቀን መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላጎደልኩም። አንተ አፈር የምጠርግ ይመስልሃል። እኔ ‹አለሁ› እያልኩ ነው።»

በባለዲግሪው መጻሕፍት ውስጥ ስለ አፈር መሸርሸር ብዙ ምዕራፍ ነበር፤ ስለዚህ ግን አንድ መስመር አልነበረም። እሱም በድፍረት ሳይሆን በመለማመጥ፣ ዓይኑን መኪናዋ ላይ ወዳለው ያላለቀ ቀሚስ መለሰ።

«እትዬ፣ የዚህ ቀሚስ ጫፍ ሳይዘመዘም ቢቀር ምን ይሆናል?»

«ይተረተራላ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ከጫፉ ይጀምርና?»

«ከጫፉ ይጀምርና እስከ ወገቡ።»

«የግቢዎን ጫፍስ ማን ዘመዘመው?»

ጋዜጣውን ፈትቶ ስንደዶውን አነሣው፤ ቢያራግፈውም ሥሩ ያቀፈው አፈር አልረገፈም። አክስቱ ሳይፈልጉ እጃቸው ሄደ። አንዱን ሥር መዘው፣ ክር እንደሚፈትኑት ሁሉ በሁለት ጣታቸው ወጥረው ሳቡት። አልተበጠሰም። ደግመው ሳቡት።

«ጠንካራ ነው» አሉ፣ ቅር እያላቸው። ከዚያም፣ «ጫፉን ብቻ! ከግቢው በር እስከ መስኮቴ ያለውን መሄጃ ማንም እንዳይነካብኝ። እሱን እጠርጋለሁ።»

«እሱንማ ይጥረጉ። መሄጃው ንጹሕ ከሆነ፣ የሣሩም ጠርዝ ከተስተካከለ፣ ያየ ሁሉ ባለቤት እንዳለው ያውቃል።»

ባለዲግሪው መጀመሪያ የማዕዘኑን ባዶ በድንጋይና በአፈር ጠቅጥቆ ሞላ። ቀጥሎ ሃያ እግር ስንደዶ ተከለ። እዚህ ላይ የተማረ ሰው ብቻ የሚሳሳተውን ስህተት ተሳሳተ። በተማረበት አገር ችግኝ የሚያድገው በመስታወት ቤት ውስጥ፣ እንደ ሕፃን ተይዞ ነው፤ እሱም ጉድጓዱን አጥልቆ ቆፈረ፣ ፍግ ሞላበት፣ ጠዋትና ማታ አጠጣ። በሦስተኛው ሳምንት ግማሹ ቢጫ ሆኖ ተኛ። አንዱን ሲነካው ከሥሩ በስብሶ እጁ ላይ ቀረ።

አክስቱ ከመስኮቱ አዩት። ሊያሾፉበት ነው ብሎ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን ወጥተው አጠገቡ ቁጢጥ አሉ።

«የመንገድ ዳሩን ማን አጠጣው?»

«ማንም።»

«ፍግስ ማን ሰጠው?»

«ማንም።»

«ታዲያ የእኔዎቹን ምን በወጣቸው እንዲህ አጨናነቅሃቸው? እንግዳ ብላ ብላ ሲሉት ይታመማል እኮ።»

«እትዬ፣ እኔ የማውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም» አለ። «እዚያ ሳለሁ እዚህ ሥራ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። እዚህ መጥቼም የምይዘው አጣሁ።»

«ምን ሆነሃል? አንተ ባትመጣ እኔ አሁን ስንደዶ ሥር አለው ብዬ አስብ ነበር? ተነሥ። የተሳሳተ ስፌት ይፈታል እንጂ ጨርቁ አይጣልም።»

አብረው ወደ አፋፉ ሄዱና ሣሩ በራሱ እንዴት እንደሚቆም ተመለከቱ። የእግሩ አንገት፣ ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበት፣ ከአፈሩ እኩል ነው፤ ወደ ታች የሚጠልቀው ሥሩ ብቻ ነው። ያን ቀን ሁሉንም እንደገና ጀመሩ። ትልልቁን እግር በስለታም አካፋ እየከፈሉ የእጅ ጭብጥ የሚያህል አደረጉት፤ ቅጠሉን ስንዝር አስቀርተው ቆረጡ፤ አንገቱን ከመሬት እኩል አድርገው ተክለው ዙሪያውን በተረከዝ ጠቀጠቁ። ባለዲግሪው በአንድ ረድፍ ሊደረድር ሲል አክስቱ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ።

«በአንድ መስመር ከሰፋኸው በአንድ መስመር ይቀደዳል። አንዱ የሌላውን ክፍተት ይሸፍን፤ ዚግዛግ።»

ትክክል ነበሩ። ሥሩ እስኪይዝ ለሁለት ሳምንት በሦስት ቀን አንዴ አጠጡት፤ ከዚያ ተዉት። መተዉ ለባለዲግሪው ከሁሉ የከበደው ሥራ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ባልዲ ይዞ ሲያደባ አክስቱ በመስኮት ገሥጸው መልሰውታል።

ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ድንገት ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። አክስቱ የልብስ መሸፈኛ ፕላስቲክ በራሳቸው ላይ ጥለው ሮጠው ወጡ፤ እሱም ተከተላቸው። ከመሄጃው የሚወርደው ውሃ ደም የመሰለ ቀይ ነበር። የመጀመሪያው የስንደዶ ረድፍ ጋ ሲደርስ ዘገየ፣ ሁለተኛው ጋ ተበተነ፣ ከሦስተኛው አልፎ ወደ ቦዩ ሲወርድ ጠርቶ ነበር። ቀዩ አፈር ከየእግሩ ኋላ እንደ ትንሽ ትራስ ተከምሮ ቀረ። ማዕዘኑ አልተነካም።

አክስቱ ጫማቸው ውሃ እየጠጣ ጎንበስ ብለው አንዱን የአፈር ትራስ ዳበሱ።

«ሃያ ዓመት» አሉ። «ሃያ ዓመት ‹አለሁ› እያልኩ መሬቱን ከእግሬ ሥር ስገፋው!» ከዚያም በእርጥብ እጃቸው ጆሮውን ቆነጠጡት። «እንደተመለስክ ብትመጣ ኖሮ እስካሁን ባበበ ነበር።»

ልብሳቸውን እንደቀየሩ ስልኩን አስያዙት።

«ለልጄ ጻፍልኝ። ‹ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል› በል።»

«ትናንት እኮ ደውሎልዎታል።»

«ቢሆንስ? ሰላምታ ይበላሻል እንዴ?»

ጻፈ፤ እሳቸው መኪናቸውን እየረገጡ አስጻፉት።

«ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል። እኔ ደህና ነኝ። የማዕዘኑን ባዶ ሞልተን ስንደዶ ተክለንበታል። ዛሬ ዶፍ ዘንቦ አፈሬ ከደጄ አልወጣም። አቧራውም ስለቀነሰ ከቀሚሶቼ ላይ አንሶላውን አንሥቻለሁ። ይህ ሣር የአገሩ ልጅ ነውና አንዴ ከያዘ ውሃም ፍግም አይጠይቅም፤ በዓመት አንዴ ዝናብ ሳይገባ ስንዝር አስቀርቶ ማጨድ፣ ሲበዛ ከፍሎ ለጎረቤት መስጠት ብቻ ነው። ሦስት ጎረቤቶች ከአሁኑ ጠይቀውኛል። የሚተክልላቸው የእህቴ ልጅ ነው፤ ስለዚህ የትም አይሄድም።»

ጣቱ ቆመ። «ይሄን ደግሞ ማን አለ?»

«እኔ። ጻፍ።»

ጻፈ።

«ከክረምቱ በኋላ የሚደርስ የሙሽራ ልብስ ተቀብያለሁና ዕቃ የሚጭን መኪና አትላክ። አራተኛ ፎቅህን እግዚአብሔር ይባርክልህ፤ እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን አንተ ናና እይ።»

መልእክቱ ተላከ። መነበቡንም ስልኩ አሳየ። አክስቱ ሁለት ቀን «አልመለሰም?» እያሉ ጠየቁ፤ በሦስተኛው ቀን የሙሽራዋን ልኬት ሲወስዱ ዋሉና ሳይጠይቁ ቀሩ። በሳምንቱ ልጁ ደወለ። ስለ ጉልበታቸው ጠየቀ፣ ልጆቹን አገናኛቸው፣ ስለ ብርዱ አወራ፤ ስለ መልእክቱ ግን ትንፍሽ አላለም፣ እሳቸውም አላነሡበትም። ክረምቱ ገባ። ዕቃ የሚጭን መኪና በበሩ አልቆመም፤ መልሱም አልመጣም።