ከቢላው በፊት

አስከሬን መርማሪው አዛውንት ሐኪም ጓንታቸውን እያጠለቁ ወደ ሥራ ክፍላቸው ሲያመሩ፣ ኮሪደሩ ላይ ድሮ ያስተማሯት የራጅ ሐኪም ገጠመቻቸው።

«ጋሼ፣ የዛሬዋ ሟች ደረጃ ሥር ወድቃ የተገኘችው ናት አሉኝ። አንገቷ ላይ ሰንበር አለ፤ ባሏም ታስሯል። ቢላ ሳያርፍባት ሲቲ ስካን ብናነሳትስ?»

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ አለኝ። ፎቶ ምን ሊጨምርልኝ?»

«እጅዎን ማን ይጠረጥራል! ግን ሰው ሲታነቅ የምትሰበረው የምላስ ሥር አጥንት ስስ ናት። ስናወጣት ብትሰበር፣ ገዳይ ይስበራት ወይስ እኛ፣ በምን እናውቃለን?»

«እንግዲያው እኔን አሰናብቱኝና ማሽኑ ይመስክር!»

«ኧረ እንዲህ አይበሉ! ጡንቻ ውስጥ የፈሰሰች ትንሽ ደም ማሽኑን ታመልጠዋለች፤ እሷን የሚያገኛት የእርስዎ ቢላ ነው። ሁለቱ ይደጋገፉ ነው የምለው።»

አዛውንቱ እሺ ያሉት ክርክሩ ሰልችቷቸው እንጂ አምነውበት አልነበረም።

ፎቶው ላይ የምላስ ሥር አጥንቷ ደህና ነበረች፤ የተሰበረው የማጅራቷ አከርካሪ ነው። ከዚያ አዛውንቱ አንገቷን ከፈቱ። ጡንቻውን በየንብርብሩ ገልጠው አዩ፤ ሰንበሩ ከቆዳዋ አላለፈም፣ የመታነቅ ምልክትም የለም። ያችን ስስ አጥንት አውጥተው ሲያነሷት ግን ግራ ጫፏ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል።

«ሰበርኳት» አሉ። «ምንም አልተሰማኝም እኮ።»

«በማንም ይደርሳል፣ ጋሼ።»

«ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንዲት ሟች ነበረች። አጥንቷን ተሰብሮ አገኘሁት፤ ዙሪያውን ጠብታ ደም የለም፤ በሕይወት ሳለች ቢሰበር ይደማ ነበር። ‹ወዲያው ስለሞተች ነው› ብዬ አለፍኩት። ‹ታንቃ ነው› ብዬ ችሎት ፊት መሰከርኩ። ባሏ ‹ታማ ነው የሞተችው› እያለ ሲጮህ ሃያ ዓመት ተፈረደበት።»

«ሌላ ማስረጃ አልነበረም?»

«አጥንቷና እኔ ብቻ።»

ልጅቱ የድሮውን ፋይል ከመዝገብ ቤት ልታስወጣ ሄደች።

በማግስቱ አዛውንቱ ስህተታቸውን ዘርዝረው ለፍርድ ቤቱ ጻፉ። መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ እስረኛው ከአራት ዓመት በፊት በሳንባ በሽታ ስለሞተ ፋይሉ ተዘግቷል ይላል።

ሰው ተምሮ የሚያመጣው ለውጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ፎቶ ሳይነሳ የማንም አንገት አይከፈትም፤ ትእዛዙን የፈረሙት አዛውንቱ ናቸው። ፎቶው አንገቱ ሳይነካ የነበረበትን ሁኔታ መዝግቦ ያቆያል፤ ቢላው ከፎቶው የተሰወረውን ያወጣል፤ ዳኛም ሁለቱን አስተያይቶ ይፈርዳል።

ደረጃ ሥር የተገኘችው ሴት ባልም በዚሁ ነፃ ወጣ። ሊያመሰግን መጥቶ እጃቸውን ሊስም ሲያጎነብስ፣ አዛውንቱ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ተው፣ ልጄ» አሉት። «ካንተ በፊት ሌላ ባል ነበር።»