ለእናት መስኮት የተጻፈው ጠባይ

ሙገሳ እየሰሙ ፊት በእፍረት የሚቃጠለው ለምንድን ነው? ወጣቷ እናት እስካሁን አልገባትም።

ዛሬ ከሰዓት የቤት ቁልፍ ጠፋባትና ሕፃኗን አዝላ ባሏ መሥሪያ ቤት ሄደች። ባሏ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራል። ከሩቅ አይቷት «አንዴ ጠብቂኝ» አለና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ሁሉም እታባ የሚሏት የፕሮግራመሮቹ ታላቅ ግን ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፤ ድምጿንም ለክፍሉ ሁሉ እንዲበቃ አድርጋ ጀመረች።

«እሰይ፣ እንኳን መጣሽ የኔ እናት! ኧረ ልጁ እንዴት ወፍሯል! ጥርስ አበቀለ?... ጎሽ! ሙቀቱን እንዴት ቻላችሁት? እኛ እንኳ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን አልሆነልንም... መስኮት ስል፣ እኛም ኮምፒውተር ውስጥ መስኮት ነው የምንሠራው፤ ነግሮሽ ያውቃል? አንዲት እናት መስኮት አለች። ሌሎቹ ልጆቿ ናቸው፤ የሷን ጠባይ ሳንነግራቸው ይወርሳሉ። እሷ ከመዘጋቷ በፊት «የጻፍከውን ላስቀምጠው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ልጆቿም ይጠይቃሉ። ጨዋ ቤተሰብ! ታዲያ አንድ ደንበኛ «እኔን አይጠይቀኝ፣ ዝም ብሎ ይዘጋ» ቢልስ? አዲስ ልጅ ይወለዳል፣ ያ ጠባይ ለሱ ብቻ ይሰጠዋል፤ አለቀ። እናቲቱን ማን ይነካታል? አንቺ ይሄ ልጅ ጸጉሩ ቢረዝም ራስሽን ትላጫለሽ?

«እዚህ ቤት ግን አንድ ደግ ሰው አለልን... ስሙን አልጠራም፣ መወደስ አይወድም። ለአንዱ ልጅ ብቻ መስጠት አድልዎ መሰለውና እናቲቱ ላይ ጻፈው! እንዲህ ያለ ቸር አይተሽ ታውቂያለሽ? በማግስቱ መስኮቱ ሁሉ ሳይጠይቅ ይዘጋ ጀመር። በኛ ፕሮግራም የሚሠሩት የክሊኒክ ነርሶች የጻፉት ሁሉ ብን! በሽተኛው ተሰልፎ፣ «ስምዎን እንደገና?»...»

ወጣቷ እናት ሰረቅ አድርጋ ባሏን አየችው። የማዳመጫው ገመድ ከምንም ጋር ሳይያያዝ ጉልበቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ቸርነቱ መች በዚህ አበቃ! የራሱ ኮምፒውተር ተበላሽቶበት፣ ጎኑ የምትቀመጠው ልጅ ምሳ ስትወጣ በሷ ነበር የሠራው። ማን እንደጻፈው ሲታይ፣ ማሽኑ ታዲያ የሷን ስም አወጣ። አለቃ «አንቺ ነሽ?» ሲላት፣ ሌላ ሰው ቢሆን «የኔ ሥራ ነው!» ብሎ ይሽቀዳደም አልነበር? እሱ እቴ! ጭጭ። ትሕትና ነዋ! ይኸው እሷ ቤቷ ተቀምጣ የነገን ስብሰባ ትጠብቃለች። ያባርሯታል አሉ... ዕረፍት አስቦላት ይሆናል፣ ማን ያውቃል? እኔማ ምሳ አብረን ነበርን ብል ጓደኛዋ ስለሆንሽ ነው ይሉኛል። ከሱ አፍ ካልወጣ ምን ዋጋ አለው?... ውይ፣ በወሬ ያዝኩሽ! በይ የኔ እመቤት፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ክፉ አይንካው። መልኩንም ልቡንም፣ አንድ ሳይቀር፣ ካባቱ ያድርገው!»

ባሏ ቁልፉን ሲሰጣት ቀና ብሎ አላያትም።

አሁን ልጁን አስተኝታ ደጅ ደጁን ታያለች። ሲገባ «ነገ ተናገር» ትበለው? ተናግሮ እሱ ቢባረርስ፣ ይሄን ሕፃን ምን ታበላዋለች? ዝም ብትልስ፣ ያቺ ልጅ? ትዳርና ልጅ ያያችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እባካችሁ፣ ሳይነጋ ምከሯት።