ለአባቴ የሚመጣው ደብዳቤ

ከወልድያ ወደ መርሳ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጠች አዲስ ሙሽራ ከጎኗ ላሉት እናት የትዳሯን ነገር ታጫውታለች።

«በጦርነቱ ስልክ ሲቋረጥ ባሌ፣ ያኔ ገና ሳንጋባ፣ ከግንባር በሹፌር እጅ ደብዳቤ ይልክ ነበር።»

«ለአንቺ?»

«ኧረ ለአባቴ! ስለ በሬው፣ ስለ ጤፉ ይጠይቃል። ለእኔ መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር።»

«አባትሽ አይቆጡም?»

«‹ዓይኔ ደክሟል› ስለሚሉ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ሁለቷን መስመር እዘላለሁ። መልሱንም ሲያጽፉኝ የራሴን ጨመር አደርጋለሁ።»

«አንቺ ሌባ!»

«በኋላ ሽማግሌ ሲልክ አባቴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹ልጁን ወድጄዋለሁ። እሷ የምትዘላትን መስመር፣ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ አነባት ነበር።›»

«ዓይናቸውስ?»

«ዓይናቸውማ ከእኔ ይሻላል!»

በዚህ መሃል ስልኬ ላይ በሴት ስም የመዘገብኩት ፍቅረኛዬ ደወለ፤ ከማንሳቴ በፊት አባቴ ትዝ አለኝ።