ከኋላ ሆኖ የሚያክመው

«እህት፣ ጋቢና ባትቀመጪ ጥሩ ነው» አለኝ አንድ ቀጭን ልጅ፣ ከጅግጅጋ ወደ ሐረር የሚሄደው ሚኒባስ በር ላይ ቆሞ።

«ሚኒባሱ ያንተ ነው?» ብዬው ጋቢና ገባሁ። እሱና ጓደኛው ከጀርባዬ ተቀመጡ። ጓደኛው እየሳቀበት ነው።

«ሴት ማስፈራራት ጀመርክ፣ አብዲ? ይልቅ ንገረኝ፣ ለዓርቡ የኮምፒውተር ጨዋታ ትገባለህ?»

«አልገባም። የሚያክማችሁ ሌላ ሰፖርት ፈልጉ።»

«ከየት አባቴ ላምጣ? ያንተ ደረጃ ያለው ሰፖርት ካልያዝን ጌሙ ከጠንካሮቹ ጋር አያገናኘንም። ተኳሽማ ሞልቷል፤ የጠፋው ከኋላ ሆኖ የሚያክም ነው።»

«ማከሙ ቀላል ነው፣ ማሃድ። ከባዱ ማን ሊሞት እንደሆነ ሳይመታ በፊት ማወቁ ነው።»

«እሱን ነዋ የምትችለው።»

«አሁን ከጌም ቤት ስወጣም አልተወኝም።»

«ምኑ?»

«ማወቁ። ጎረቤታችንን ሹፌሩን በራቸው ላይ ቆሞ ሳየው አወቅኩ። በማግስቱ ቀበርነው።»

«ዋርያ፣ ሰውየው ታሞ ይሆናል።»

«ምን ታሞ? መኪና ገልብጦ ነው። መቃብሩን አብረን አልቆፈርንም?»

 የካራማራን ዳገት መውጣት ስንጀምር ማሃድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው።

«እዚህ ውስጥስ?»

«አትጠይቀኝ።»

«እኔ ነኝ?»

«አይደለህም። ከኋላ ያለነው ሁላችንም ደህና ነን።»

«ወራጅ አለ» አልኩና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ዳገቱ መሃል ላይ ወረድኩ።