የደመናው ድግስ

የዕለቱ ተረኛ ተኳሽ ሳቭሪኒሶ፣ ሰብል የሚያወድም በረዶ ለመከላከል ደመና ላይ ሮኬት ወደሚተኮስበት ኮረብታ እየሮጠች ስትወጣ ያልጠበቀችው ሰው ገጠማት። አማቷ፣ የባሏ አባት ቦቦ ናዝሪሾህ፣ አጥሩን አልፈው ከማስወንጨፊያው ሥር ቁጭ ብለዋል። በሂሶር አገር ምራት በአማቷ ፊት አንገቷን ደፍታ ሻይ ታቀርባለች እንጂ ቃል አትመልስም። እሷም ካገባች ጀምሮ በፊታቸው ተንፍሳ አታውቅም። እሳቸውም የዛሬው ተረኛ ሌላ ሰው መስሏቸው ነበር። ከተራራው በኩል ጥቁር ደመና እየተንደረደረ ይመጣል፤ ከታች የመንደሩ ወይን ለለቀማ ደርሷል።

«አምና ተኩሳችሁ ዝናቡን አባረራችሁብን» አሉ ሽማግሌው። «ዘንድሮ ሬሳዬን ተራምዳችሁ ትተኩሳላችሁ!»

ሰው አጥር ውስጥ እያለ አይተኮስም። አስጎትታ ልታስወጣቸው ትችል ነበር፤ ግን በጉልበት የተሸነፈ ሰው መቼ አምኖ ያውቃል?

«አባባ፣ ይቅርታዎን፤ ዛሬ ዝም አልልም።»

«አፍ አለሽ እንዴ?»

«አለኝ። በብርዱ ወራት ደጅ ያደረ የጠራ ውሃ፣ ያ ሁሉ ብርድ እያለ በረዶ ሆኖ ሳይረጋ ሲቀር አላዩም?»

«አይቻለሁ። ገለባ ቢገባበት እጄ ላይ በረዶ ሆነ! የጂን ሥራ ነው ብዬ ደፋሁት።»

«ጂን አይደለም። ንጹሕ ውሃ ቢበርደውም የሚይዘው ነገር ካላገኘ ቶሎ አይረጋም፤ ገለባዋ መያዣ ሆነችው። ደመና ውስጥም መያዣው ብናኝ ነው። አንድ ድስት የሠርግ ሩዝ ለሦስት ሰው ቢቀርብስ?»

«ሆዳቸው እስኪተረተር ይበላሉ።»

«ብናኙ ጥቂት ሲሆን እንደዚያው ነው፤ ውሃውን ጥቂቶቹ ይሻሙትና እንቁላል የሚያህል በረዶ ሆነው ወይንዎ ላይ ይወርዳሉ። ሮኬቱ የሚረጨው ብናኝ እንግዳ ያበዛል። ለሁሉም ጉርሻ ጉርሻ ይደርስና ትንንሹ በረዶ መንገድ ላይ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል።»

«አምናስ?»

«አምና ደመናው ራሱ ደረቅ ነበር፤ ያባረርነው ውሃ የለም። ሁልጊዜ ይሳካል ብዬ አልምልም። ዝም ብንል የሚመጣውን ግን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።»

ሽማግሌው ወይናቸው ሁሉ የተራገፈበትን ዓመት አልረሱትም። ያን ጊዜ ሎሚ የሚያህል በረዶ መጥቶ ቆባቸውን ጣለው። ብድግ አሉ።

«ምን ትገተሪያለሽ? እንግዶቹን ጥሪያ!» ብለው ከአጥሩ ወጡ።

ሮኬቶቹ ተከታትለው ወጡ። ሁለቱም ወደ ደመናው አንጋጠው ጠበቁ። ቀጥሎ የወረደው በረዶ አተር የሚያህል፣ መዳፍ ላይ ሳይቆይ የሚቀልጥ ነበር። ከዚያ ዝናብ ብቻ ሆነ። ቅጠሉ ተበሳሳ፤ ዘለላው ግን ከሐረጉ አልወረደም። የከርሞ ዱቄትና የልጆች ጫማ የሚወጣው ከዚያ ዘለላ ነው።

በማግስቱ ጎረቤቶች «ሮኬቱ ዝናብ ያባርራል» የሚለውን የአምና ወሬ ይዘው የቦቦን ግቢ ሞሉት። ሳቭሪኒሶ እንደ ልማዷ ሻይ አቅርባ ልትወጣ ስትል ቦቦ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀበሏትና በትራሳቸው አጠገብ አስቀመጧት።

«ተናገሪ ልጄ» አሉ፣ ሻዩን ራሳቸው እየቀዱ። «ከፍ አድርገሽ፤ ከኋላ ያሉትም ይስሙ።»