የሐጃ በቱል ከፈን

በኛ ጊዜ፣ እኔ ከወሎ መጥቼ ካርቱም ስገባ፣ ሰው ወንዙን አይፈራም ነበር። ክረምት ሲሆን ይሞላል፣ ልጆች ይዋኙበታል፣ ከዚያ ይጎድላል፣ በቃ። አሁን የምትሰሙት የጎርፍ ወሬ ሁሉ ኋላ የመጣ ነው። እና አንቺ መዲና፣ የምትጽፊ ከሆነ እንደተናገርኩት ጻፊው፤ አሳምራለሁ ብለሽ እንዳታበላሺብኝ።

ካርቱም ዳር፣ ሶባ ነበርኩ እኔ። ሐጃ በቱል የምትባል ሱዳናዊት ቤት ሰራተኛ ሆኜ የገባሁት ልጇ ኢሕሳን ገና ተማሪ ሳለች ነው፣ እና እዚያው አረጀሁ። ቤቱ ወንዙ ዳር ነው። ሐጃ ምላሷ መራራ ነበር፣ አላህ ይዘንላትና። ክረምት መጥቶ ውሃው ሲደፈርስ «ያ ዘሃራ፣ ውሃችሁ መጣ፣ ጥሪውና ይመለስ» ትለኛለች፣ ዓባይን እኔ የላክሁት ይመስል። እኔም «ስትጠጪው ኖረሽ ዛሬ ነው የምትመልሽው?» እላታለሁ። እንዲህ እየተነካከስን ኖርን።

ታዲያ ይህች ሐጃ አንድ የምትሳሳለት ነገር ነበራት። መካ ሄዳ ስትመለስ ከፈን ይዛ መጣች፣ መግነዣ ነው፣ በዘምዘም ውሃ የታጠበ፣ ነጭ፣ ደህና ተደርጎ የተሠራ ወፍራም ጨርቅ። ረመዳን በመጣ ቁጥር ከሳጥን ታስወጣኛለች፣ አናፍሰዋለሁ፣ አጥፌ እመልሰዋለሁ። «የምትገንዢኝ በዚህ ነው» ትለኛለች። ወርቅ አትል፣ ቤት አትል፣ እሱን ብቻ ነው አደራ የምትለው።

እና ያ ትልቁ ጎርፍ መጣ፣ ከጦርነቱ በፊት ነው እሱ። የጭቃ ቤት ሁሉ እንደ ስኳር ሟሟ። ውሃው ሲጎድል ዓም እድሪስ የሚባል ጎረቤታችን፣ ጡብ ሲያቃጥል ያረጀ ሽማግሌ ነው፣ ነፊር ጠራ። ነፊር የኛ ደቦ ነው። በመስጊዱ ማይክራፎን ተጣራ፣ የሰፈሩ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ዓም እድሪስ ቆሞ ይህ ዳር ድሮ ሱንት ነበር አለ፤ ሱንት ማለት ውሃ ውስጥ ቆሞ የማይሞት ግራር ነው። ለጡብ ማቃጠያ እየቆረጥን ዳሩን ራቁቱን አስቀረነው፣ ውሃው የገባው በዚያ ነው አለ። ታዲያ ተርስ ሠራን፣ የአፈር ግድብ ነው ተርስ የሚሉት፣ ከፊቱም ሱንት ተከልንበት። ወንዶቹ ቆፈሩ፣ እኛ ሴቶቹ በጀሪካን አጠጣን፣ ፍየል ስናባርር ከረምን። ፀሐይ የምትባል የጎንደር ልጅ ነበረች፣ ክርስቲያን ናት፣ ጎረቤት ቤት የምትሠራ፣ ከሷ ጋር ነበር የማጠጣው። ፍየል ባየች ቁጥር በአማርኛ ትሰድባለች፣ ፍየሎቹ የሱዳን ናቸው ብላት አትሰማም።

ዛፎቹ ከሰው ቁመት አለፉ። ሥራቸው ጭቃውን ጨምድዶ ያዘው፣ ሣር በቀለ፣ ጠፍቶ የነበረ ወፍ መጣ፣ ሀቡብ ሲነሣ እንኳ አቧራው እንደ ድሮው አይደፋብንም። ወንዙም በየክረምቱ ይመጣና ተርሱን ነክቶ ይመለሳል። ደስ አለን፣ እውነቴን ነው፣ በእጃችን ያበቀልነው ነዋ።

ከዚያ ጦርነቱ። እሱን አላወራም፣ ሁላችሁም አይታችሁታል። ሐጃ ዳሌዋ ተሰብሮ አንገሬብ ላይ ናት፣ የገመድ አልጋዋ ላይ፣ መንገድ አትችልም። ኢሕሳን ልጆቿን ይዛ ወደ ግብፅ ስትወጣ እጄን ያዘችና «እናቴ አንቺ ዘንድ አማና ናት» አለችኝ። አማና ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ አደራ ነው፣ በቀላል የሚባል ቃል አይደለም። እንደኔ የቀሩ ብዙ ነበሩ፤ ጌቶቹ ሸሹ፣ የሐበሻ ሴቶች ባዶ ቤት ሲጠብቁ ቀሩ። ፀሐይም ቀረች።

ታዲያ ጋዝ ጠፋ፣ ከሰል ጠፋ። ዱቄት የተገኘ ቀን በምን ይበስላል? ሰው ሱንቱን መቁረጥ ጀመረ። ዓም እድሪስ ቅርንጫፉን ውሰዱ፣ ግንዱን ተዉ እያለ ከዘራውን ይዞ ይዞራል፣ ማን ይስማው። አንዲት ልጅ የታቀፈች ጎረቤታችን፣ ሐዋ ትባላለች፣ «ልጄ ዱቄቱን ጥሬውን ይቃመው?» አለችው። ሽማግሌው ከዘራውን ብብቱ ሥር ከትቶ ሄደ። በኛ ቤት ፊት ለፊት ያለው ዛፍ ሁሉ አለቀ፣ ጉቶው ሳይቀር ተነቀለ። እኔም በዚያው እንጨት ነው ለሐጃ ገንፎ የማገነፋው። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ንገሩኛ።

እና ክረምቱ ገባ። ውሃው ያን ራቁት ቦታ አላጣውም። ዛፍ ሳይቆረጥ በተረፈበት በኩል ተርሱ ቆሟል፣ በኛ በኩል ይሸረሸራል፣ ይሸረሸራል፣ አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ አፉን ከፈተ። ዓም እድሪስ መብራት የለ ማይክራፎን የለ፣ በጉሮሮው ነፊር ብሎ ተጣራ። የወጣነው ምን የመሰልን ሰዎች ነን መሰላችሁ፣ መሸሽ ያቃታቸው ሽማግሌዎችና እኛ ሰራተኞቹ። ሐጃን እንዳናወጣት ወዴት? ከኋላችን መንገዱን የዝናብ ውሃ ይዞታል፣ ከፊት ወንዙ።

አሸዋ አለ፣ አካፋ አለ፣ ሸዋል የሚሉት የአሸዋ ጆንያ ግን የለም። ጆንያ ከዱቄቱ ጋር ነው ከገበያ የጠፋው። ፀሐይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ጆንያ ከሌለ የእመቤቶቹ ቁምሳጥን ሙሉ ነው» አለች። ኧረ የሰው አማና ነው ብላት፣ «ቤቱን ውሃ ሲወስደው ቁምሳጥኑ ተንሳፍፎ ሊቀር ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያላ ብለን ገባንበት። ጀላቢያውን፣ ቶቡን፣ የትራስ ልብሱን፣ የኢሕሳንን ባል ሱሪ ሳይቀር እግሩን እያሰርን አሸዋ ሞላንበት። አሸዋ የሞላ ሱሪ ተርስ ላይ ሲጋደም ቁርጥ ሰው ነው የሚመስለው። በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ የተጋደመ ሰው አይተን ስለነበር፣ ፀሐይ ፊቷን እያዞረች ነበር የምትደረድረው።

ሁሉ አልቆ አንድ ቀዳዳ ቀረ። ነጠላችንን ይዘን ሮጥን፣ የኔንም የፀሐይንም፣ ዓም እድሪስ ዳሰሰውና ይህ ወንፊት ነው፣ አሸዋ አይዝም ብሎ መለሰው። ቤት ገብቼ የማደርገው ጠፍቶኝ ስንቆራጠጥ ሐጃ ከአንገሬቧ ሆና ታየኛለች።

«ሳጥኑን ክፈቺ» አለችኝ።

የቱን ሳጥን እንደሆነ ገብቶኛል። አይሆንም፣ እሱማ አይሆንም አልኳት።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ እኔን ውሃ ከወሰደኝ ከፈኑ ማንን ሊገንዝ ነው?» አለች። «ውሰጂው። ውሃው ሲጎድል አውጥተሽ፣ አጥበሽ ትመልሽልኛለሽ።»

«ኢንሻላህ» አልኩ።

«ኢንሻላህ አትበይኝ። እመልሳለሁ በይ።»

«እመልሳለሁ» አልኳት።

እየሮጥኩ ሰፋሁት፣ ሞላነው፣ ሽማግሌው ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ ከሥር ወተፈው። ውሃው ቆመ። አጠገቤ ሐዋ ልጇን አዝላ ጭቃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

ከዚያ ወዲያ ሐጃ ጧት ጧት ስትነቃ «ጎደለ?» ትለኛለች። ገና ነው እላታለሁ። ሌላ ነገር መጠየቅ ተወች። ምላሷ ሁሉ ለዘበ፣ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እና አንድ ጧት ቁርሷን ይዤ ስገባ ሞታ አገኘኋት፣ ውሃው የተርሱ አፍ ላይ እንዳለ።

ከፈን ከየት ይምጣ? ገበያ የለ፣ ቁምሳጥኑ ባዶ። ፀሐይ፣ አንድ ከረጢት ነው፣ እናውጣውና በቦታው ጭቃ እንወትፍበት አለች። ሄድን። ወርጄ ጫፉን ያዝኩት። ነቅነቅ ሳደርገው ከሥሩ ውሃ ፊን አለ። ዓም እድሪስን ቀና ብዬ አየሁት፣ «ቃሉን የገባሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አውጪም አታውጪም አልልሽም» አለኝ። ሐዋ ከጣሪያዋ ላይ ልጇን ይዛ ቆማ ታየኛለች። ብትለምነኝ እቆጣት ነበር፣ ዝም አለችና ገደለችኝ። ለቀቅሁት።

ታዲያ በነጠላዎቹ ገነዝናት። ፀሐይ ቤተ ክርስቲያን የምትስምበትን ነጠላ አምጥታ ጥለቱን በመቀስ ቆረጠችው፣ ባለ ቀለም እንዳይሆንባት ብላ። የሰፈሩ መቃብር ውሃ ውስጥ ነው፣ ግቢያችን ውስጥ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ቀበርናት፣ ዓም እድሪስ ሰገደባት።

ውሃው ሲጎድል ያን ቦታ በአፈር ደፈንነው፣ ከሥሩ ልብሱ ሁሉ እንዳለ፣ ከላዩ እንደገና ሱንት ተከልን። መንገድ ሲከፈት ኢሕሳን መጣች። በስልክ መሞቷን እንጂ ከፈኑን አልነገርኳትም ነበር፣ ፊት ለፊት ነገርኳት። ወስዳችሁ አሳዩኝ አለች። ተርሱ ላይ ቆመችና ቆፍራችሁ አውጡልኝ፣ የእናቴ ነው፣ የዘምዘም ነው አለች። ዓም እድሪስ ችግኙ ገና ሥር እየያዘ ነው፣ ከተነካ ሰፈሩ ይሄዳል አላት። ያን ጊዜ ወደኔ ዞረች።

«እናቴን በሰራተኛ ነጠላ?» አለች።

«አዎ» አልኳት። በማግስቱ ዕቃሽን ያዢና ውጪ አለችኝ፣ ወጣሁ፣ ይኸው እዚህ ሳጃና፣ የሐበሾቹ ሰፈር፣ እናንተ ላይ ወደቅሁ። አልፈርድባትም። እናቴ ብትሆን እኔም ያን አደርግ ይሆናል። ግን እመልሳለሁ ብያት ነበር፣ እመልሳለሁ ብዬ አልመለስኩም፣ ጧት ጧት ስነቃ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። አንዳንዴም ሐዋ ትደውልልኛለች፣ ልጁ ከጀርባ ሲንጫጫ ይሰማኛል፣ ያን ቀን ቁርሴን እበላለሁ።

ምን ትነፋረቂያለሽ አንቺ መዲና፣ ጽፈሽ ጨረስሽ?

«እማማ ዘሃራ፣ ለእርስዎ ከፈኑን እኛ እንገዛለን፣ ደህናውን። አያስቡ።»

(ሳቁ) ሂጂ ወዲያ። እኔን ያገኛችሁትን ታለብሱኛላችሁ። የምትገዙ ከሆነ ሸዋል ግዙ፣ ክረምቱ ደርሷል።